ለጥቅምት አንድ አጥንት፣ ለኅዳር አንድ ጥንቅሽ

ጠረጴዛዬ ላይ አራት ዓመት አለ። አንደኛው የበጀት ዓመት ነው፤ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሁለተኛው የፈረንጆቹ ነው፤ ዕቃ የሚልኩልን ሰዎች ደብዳቤያቸውን የሚጽፉት በእሱ ነው። ሦስተኛው የኛው ነው፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ። አራተኛው የሂጅራው ነው። እሱ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም፤ ግን ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ ረመዳን መቼ እንደሚገባ፣ ዒድ በየትኛው ቀን እንደሚውል ቀድመው ማወቅ ስለሚፈልጉ ሁላችንም በልባችን እንቆጥረዋለን። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሂሳብ የምትሠሩ ከሆነ ግማሹ ሥራ ቀን መመንዘር ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜ 6 ሆና ካለፈች ግን 12 ይሆናል። ይቺን የረሳ ሰው ሰነድ ላይ ቀን ያሳስታል፣ ከዚያ ከኦዲተር ጋር መነታረክ ነው።

አራት ዓመት ታቅፌ አንዱም አይሰማኝም ነበር። "ጥቅምት ገባ እንዴ?" ብዬ ስጠይቅ ኅዳር ተጋምሷል። እንዲህ የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የትም ብትቀመጡ አንድ ሰው "ዘንድሮ ጊዜው ሮጠ" ይላል፣ ሌላው "ኧረ ተወኝ" ይላል፣ ወሬው በዚያው ያልቃል። እኔ ግን ጊዜው የሚሮጥ አይመስለኝም። ቀኖቹ ናቸው የተመሳሰሉት። ጠዋት ሚኒባስ፣ ቀን ኮምፒውተር፣ ማታ ሚኒባስ፣ ከዚያ እንቅልፍ እስኪወስደን ድረስ ስልክ። ቲማቲሙ ዓመቱን ሙሉ ያው ቲማቲም ነው። የሽንኩርት ዋጋው እንጂ ወቅቱ አይታወቅም። አንዱን ቀን ከሌላው የሚለይ ነገር ከሌለ ሰው በምን ይያዘው? መጋቢት ላይ ሆኖ ዞር ብሎ ሲያይ ከጥቅምት ወዲህ ያለው ሁሉ አንድ ረጅም ማክሰኞ ሆኖ ይታየዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ጀመርኩ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ። ለየወቅቱ፣ በዚያ ወቅት ብቻ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር መደብኩ። ሕጉ አንድ ነው፤ ነገሩን ወቅቱ ራሱ ማምጣት አለበት። እኔ ሲመቸኝ የማደርገው ከሆነ አይቆጠርም። "ቅዳሜ እናድርገው" የሚባል ነገር የለም። ገንዘብም ብዙ አይፈልግም። ገንዘብ የሚፈልገው በዓል ነው፣ በዓል ደግሞ በኛ ቤት ያስሮጣል እንጂ አያረጋጋም። የዶሮው ዋጋ፣ የቅቤው ዋጋ፣ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ለማን ተደወለ፣ ማን ቀረ። በዓልን አልጠላም፣ ኧረ በጭራሽ። የእናንተን አላውቅም እንጂ እኔ የበዓል ማግስትን ያህል የሚደክመኝ ቀን የለም።

ወቅት ማየት ያስተማረኝ መንገዱ ነው። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ግን በዚያች መሐል መንገዱ በሐረጎ በኩል እየተጠማዘዘ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። አየሩ በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይለያያል፤ አስሉት፣ አራት ዲግሪ ገደማ ነው። ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሐምሌ ላይ በጠዋት ከደሴ ለተሳፈረ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ጦሳ ተራራ የለም፤ ጉም ውጦታል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ጡሩምባ እየነፋ ነው የሚሄደው። ተሳፋሪው ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ስቦ ተቀምጧል፣ መስታወቱ አላበው፣ ማንም አያወራም። ከዚያ ሐረጎን መውረድ እንጀምራለን። ኩርባው ሲበዛ ጉሙ ከላያችን ይቀራል፣ ከታች የቦርከና ሸለቆ ፀሐይ ሞቆት ይታያል። አንድ ኩርባ አለች፣ እሷ ላይ ስንደርስ ማንም ሳያዝ ሁሉም ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። ስም አውጥተንላታል፤ "ማውለቂያ" ነው የምንላት። ማታ ስንመለስ እዚያችው ላይ ይለበሳል። ወሬም የሚጀመረው ከማውለቂያ በኋላ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን ሸምድደናል። 2300 ሜትር ላይ ያለችው መስመር ደብተር ላይ ብቻ ያለች ትመስለኝ ነበር። አሁን በቀን ሁለቴ እሻገራታለሁ። ደሴ ደጋ፣ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ። ታች ማሽላ ነው፣ ላይ ገብስና ስንዴ ነው። ታች "እሸት ደረሰ" ሲባል ሌላ፣ ላይ "እሸት ደረሰ" ሲባል ሌላ። ቢሮ ውስጥ ላብ፣ ቤት ውስጥ ከሰል። እናም አንድ ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ይኼ ነው፤ ሁለት ወቅት በአንድ ቀን እያለፍኩ እንዴት አንዱንም አላውቀውም?

የውጭ ሰዎች ስለ ወቅት ሲያወሩ ቀኑ አጠረ፣ ጨለማው ረዘመ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ እነሱ ዘንድ ትልቁ ለውጥ ብርሃኑ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11ኛው ዲግሪ አካባቢ ነን። እዚህ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ባለ ነው። ማንም ልብ አይለውም። የኛ ወቅት ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ ዘነበ ወይስ አልዘነበም። እናቴ ዓመቱን የምትከፍለው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ መጸው ከመስከረም 26፣ በጋ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26። የደቡብ ወሎ ደጋ ገበሬ ግን ከመጋቢት 26 በፊት ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው፣ በልግ ስለሚጠብቅ። ስለ በልግ እመለስበታለሁ፣ እሱ እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

ከክረምት ልጀምር። ሰኔ ለሂሳብ ሠራተኛ ወር አይደለም። መዝጊያው፣ ቆጠራው፣ ሪፖርቱ አንድ ላይ ይመጣና ሰኔና ሰኞ ይገጥምብናል። እንኳን ዝናቡን፣ ልጆቼንም በደንብ አላያቸውም። ስለዚህ ለሰኔ ምንም አልመደብኩም፣ ራሴን ማታለል አልፈልግም። የኔ ክረምት የሚገባው ሐምሌ 1 ማታ ነው። የዚያን ቀን ከመናኸሪያ እስከ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። ቢዘንብም። በተለይ ከዘነበ። ጃንጥላ እይዛለሁ፣ ቦቲ ጫማ እቀይራለሁ፣ ግን ባጃጅ የለም። ደሴ ዳገት ናት፤ ውሃው በየቦዩ እየተንደረደረ ይወርዳል፣ አስፋልቱ ዳር ደግሞ በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ላስቲክ ወጥረው ከሰላቸውን ያራግባሉ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ዝናብ ችግር ነው። በእግሬ ሆኜ ግን ዝናብ ዝናብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ "ምን ነካሽ?" ይለኝ ነበር። አሁን በር ላይ ፎጣ ይዞ ይጠብቀኛል፣ እሱም የነገሩ አካል ሆነ።

ነሐሴ ላይ ቡሄ አለ። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል። ዶሮውን እንጃ፣ የክረምቱ ነገር ግን ደሴ ላይ አይሠራም። ከነሐሴ 13 በኋላ ደሴን ያየ ሰው ክረምት የለም ለማለት ድፍረት አይኖረውም፤ መስከረም ድረስ ጋቢ ነው። ሆያ ሆዬውም ተቀይሯል። የሰፈሩ ልጆች አንድ ስንኝ ይሉና እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ሙልሙል ብትሰጧቸው ይገረማሉ፣ ብር ነው የሚጠብቁት። አልፈርድባቸውም። ግን በኛ በር አንድ ደንብ አለ፤ ብር የሚሰጠው ግጥሙን እስከ መጨረሻው ላሉት ነው። የማያውቁት ሄደው ተለማምደው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ በማግስቱ ነው የሚመለሱት፣ ያም ቢሆን እንቀበላለን።

ከሁሉ የምወደው ጳጉሜን ነው። ሂሳብ ክፍል ውስጥ ጳጉሜ የምትታወቀው ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ተብላ ነው። ደመወዙ በወር ነው፣ ወሩ አሥራ ሁለት ነው፣ ጳጉሜ በነጻ ነች። ሠራተኛው በየዓመቱ ይቀልድበታል፣ አንዳንዱ ቀልዱ ውስጥ ንዴት አለበት፣ መብቱም ነው። የነሐሴ ደመወዝ ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለደብተር ሄዷል፣ ለእንቁጣጣሽ የተቀመጠው አይነካም። ስለዚህ በእነዚያ አምስት ቀናት ምንም አይገዛም። እኔም ደንብ አደረግኩት፤ በጳጉሜ አንገዛም፣ ያለውን እንበላለን፣ ዱቄት ካለቀ ከጎረቤት እንበደራለን። ከዚያ ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ይመጣል። የዚያን ቀን የሚዘንብ ዝናብ የተባረከ ነው ይባላል፤ ልጆች ሁሉ ግቢ ወጥተው ይታጠቡበታል። በሌላ ቀን "ግቡ፣ ጉንፋን ይይዛችኋል!" የሚሉ እናቶች የዚያን ቀን ራሳቸው ይገፏቸዋል። እኔም እወጣለሁ። ሙሉ ሰው ነኝ፣ የሥራ መታወቂያ አለኝ፣ ግቢ መሐል ቆሜ እበሰብሳለሁ። የደሴ ዝናብ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የቀመሰው ያውቀዋል። ካልዘነበስ? ካልዘነበ ደመናውን እያየን እንውላለን፤ ከሰዓት ወይ ይጥላል ወይ አይጥልም። አንድ ቀን ሙሉ ሰማይ መጠበቅ በሌላ ጊዜ ማን ይፈቅድልኛል?

መስከረም 1 ማለዳ እናቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" ትላለች። ክረምቱን በጎመን ያሳለፈ ቤት ንግግር ነው፤ የድሮ ሰው ነሐሴን የሚያስታውሰው በጎተራው ወለል ነው። ዛሬ በቤታችን ጎመን ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ገንፎም እንደዚሁ፣ ምንቸትም የለንም። ብረት ድስቷን ይዛ ነው የምትለው። ልጄ "አያቴ፣ ምንቸት ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀቻት። "የምትወጣዋ ናት" አለቻት።

የቀረው መስከረም ትርምስ ነው። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ደመራ አለ፣ ከዚያ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚሄደው ምእመን በደሴ በኩል ያልፋል፤ ከተማው በአውቶቡስ ይሞላል፣ ማደሪያ ይጠፋል፣ የማያውቁት ሰው ቤት ያደረ ሁሉ ዘመድ ሆኖ ይሄዳል። እሱ ራሱን ችሎ ሊጻፍበት የሚገባ ነው። የኛ ድርሻ አንድ እሑድ ብቻ ነው፤ አደይ አበባው ሳይረግፍ ከልጆቹ ጋር ወደ ጦሳ በኩል ትንሽ እንወጣለን። አንቆርጥም፣ ፎቶም የለም። የፎቶው ነገር ከልጄ ጋር በየዓመቱ ያጣላናል። "ማንም ሳያየው ምን ዋጋ አለው?" ትለኛለች። "አንቺ አየሽው አይደል?" እላታለሁ። እስካሁን አልተስማማንም።

ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ይኼ ነው ብርዱን የሚያመጣው። ክረምት ላይ ደመናው የምድሩን ሙቀት ሌሊቱን ይዞት ያድራል፤ ጥቅምት ላይ ግን ሰማዩ ክፍት ነው፣ ቀን የተሞቀው ሁሉ ሌሊት ወደ ላይ ይሄዳል። ቀኑ ሸሚዝ ያስለብሳል፣ ሌሊቱ አጥንት ይበላል። "ለጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የሥጋ ዋጋ እንዲህ ሆኖ ሳለ ቅልጥም በየሳምንቱ አይታሰብም፤ ለጥቅምት ግን አንድ ይገዛል። አንድ ብቻ። ማታ ይጣዳል፣ ቀስ ብሎ ያድራል፣ ጠዋት መረቁ ይጠጣል። ዋናው ነገር መጠጣቱ አይደለም። ሌሊት ተነስቼ ከሰሉን ሳይ ወጥ ቤቱ ሞቆ፣ መስኮቱ አላበው፣ እናቴ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ብሏት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። በሌላ ወር እንዲህ ለብቻችን አናወራም። ስለ አባቴ ያልሰማሁትን የሰማሁት በጥቅምት ሌሊት ነው።

ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፣ ደግሞም ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 የዓለሙ ትልቅ ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ፣ የኅዳር በሽታ ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀን ግቢ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ በጭስ ይታጠናል። ዛሬ ጭሱ ለጤና ጥሩ አይደለም የሚሉ አሉ፣ ላስቲክና ፕላስቲክ ለሚያቃጥል እውነታቸውን ነው። እኛ ቅጠሉንና ወረቀቱን ብቻ ነው የምናቃጥለው፣ ፕላስቲኩን ለቆሻሻ መኪናው እንተዋለን። እኔ በዚያ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ የቆየውን የማያስፈልግ ወረቀት አመጣለሁ። በሕግ መቀመጥ ያለበትን ሰነድ አይደለም፣ አትደንግጡ! የራሴን ማስታወሻ፣ ያልተሳካ ረቂቅ፣ የተሰረዘ ዝርዝር። ከቅጠሉ ጋር ይነዳል።

በ2014 ኅዳር 12ን እቤታችን አልነበርንም። ጦርነቱ ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ወጥተን ነበር፤ የተመለስነው ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተለቀቁ በኋላ ነው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። እናቴ ግን ታኅሣሥ ላይ፣ ቀኑ አልፎ፣ ግቢውን ጠርጋ እሳት አነደደች። ከላይ "ወቅቱ ራሱ ያምጣው፣ ቀን አይዛወርም" ብያለሁ። ለዚያ ዓመት አይሠራም።

አሁን ወደ ጥንቅሽ። ይኼን ጽሑፍ የጀመርኩት እውነቱን ለመናገር ስለ ጥንቅሽ ለመጻፍ ነበር። ለማታውቁት፣ ጥንቅሽ ማሽላ የሚመስል፣ አገዳው የሚጣፍጥ ተክል ነው። ከኮምቦልቻ በታች፣ በቃሉ ወረዳ ቆላ በኩል፣ ማሽላ መሐል ይበቅላል። ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ በእስር በእስር እየሆነ ይመጣል። ስኳር ነው፣ ግን ሸንኮራ አገዳ አይደለም፤ ሸንኮራ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፣ ጥንቅሽ ግን ቀጠሮ አለው። የመስቀል ወፍ ነገር ነው። መናኸሪያ አካባቢ የምትሸጥልኝ ሴትዮ "ታኅሣሥ ከገባ እኔ ጋ አትምጪ፣ እንጨት ነው የምሸጥልሽ" ብላኛለች። ነጋዴ ደንበኛዋን እንዲህ ስትመልስ ሌላ ቦታ አላየሁም።

አበላሉ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ልጣጩ በጥርስ ነው የሚላጠው፣ ካልተጠነቀቃችሁ ከንፈር ይቆርጣል። አንዱን አንጓ ትልጣላችሁ፣ ትነክሳላችሁ፣ ትመጥጣላችሁ፣ ምጣጩን ትተፋላችሁ። እጅ ይጣበቃል፣ አገጭ ይጣበቃል። ጥንቅሽ የያዘ እጅ ስልክ አይነካም። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው ከጀመረ ሁሉም ይጀምራል፣ እርስ በርስ አንጓ መሰጣጣት ይመጣል፣ ረዳቱ "ምጣጩን በፌስታል! በፌስታል አድርጉት!" እያለ ይጮኻል፣ ሾፌሩ ይቆጣና በመጨረሻ "እስቲ ለኔም አንድ አንጓ ላጡልኝ" ይላል። ማውለቂያ ላይ ደርሰን ጃኬት ለመልበስ እጃችን ስለሚጣበቅ ሁላችንም በብርድ እየተንቀጠቀጥን ደሴ እንገባለን። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፣ የሚወስደው ጊዜም ያው። በጥንቅሽ ሰሞን ግን ይረዝማል። መዝገቤ ላይ የማላሰፍረው ትርፍ ነው፣ ግብርም አይጠየቅበትም።

ገናንና ጥምቀትን ታውቋቸዋላችሁ፣ እዘላቸዋለሁ። በጋው አቧራ ነው፣ ነፋስ ነው፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ሁሉም ነገር አመድ ይመስላል።

ከዚያ በልግ። ይኼ ክፍል ለመጻፍ ይከብደኛል፣ ምክንያቱም እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ደመወዝ ያለው ሰው ወሬ ነው። ደጋ ያለች አክስት አለችኝ። ከመሬቷ ደህና የሚባለው የበልግ ገብስ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ ዝናቡ ከመጣ ይዘራል፣ በክረምቱ መግቢያ ይሰበሰባል። ከዘገየ ወይ ከተቋረጠ ግን ዓመቱ ተበላሸ። በልግ ደግሞ የሚታመን አይደለም። አንድ ዓመት ቀድሞ ይመጣል፣ አንድ ዓመት ጥቂት ጥሎ ይጠፋል። ወሎ ውስጥ ስለ ዝናብ ሲወራ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ያዩ ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፣ ከነሱ ጋር እየኖርን ነው። እና እኔ ሄጄ "ወቅቱን ላጣጥም" ብላት ምን ትለኛለች?

ለበልግ የመደብኩት ነገር ስለዚህ አንድ ስልክ ነው። ደሴ ላይ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ የጣለ ቀን ማታ እደውልላታለሁ። "እናንተጋ ጣለ ወይ?" ይኼው ነው። "ጣለ፣ ተመስገን" ካለች ወሬው ወደ ልጆች፣ ወደ ላሟ፣ ወደ ሰርግ ይሄዳል። "የለም፣ ወደናንተ ዞሮ ነው" ካለች ዝም እንባባላለን፣ እኔ ደሴ ላይ ጣሪያ የሚመታውን ዝናብ በስልኩ እንዳትሰማው ወደ ውስጠኛው ክፍል እገባለሁ። በአንድ ተራራ ልዩነት እሷ ጋ ደረቅ፣ እኔ ጋ ጭቃ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እደውላለሁ። እሷ ይኼን ልማድ ነው ብላ አታስበውም፤ የእህቷ ልጅ ስለ ዝናብ የሚጨንቃት ትንሽ ሞኝ ቢጤ ናት ብላ ሳታስብ አትቀርም።

አሁን የቀረው አራተኛው ዓመት ነው፣ የጨረቃው። የሂጅራ ዓመት ከኛው በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፣ ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ በ33 ዓመት ግድም ዓመቱን ዞሮ ይጨርሰዋል። የአጥር ጎረቤታችን እማማ የምንላቸው ሴት ረመዳንን በሁሉም ወቅት ጾመውታል። "የክረምቱ ብርዱ፣ የበጋው ጥሙ" ይላሉ፣ የትኛው እንደሚሻል ግን ተናግረው አያውቁም። 2003 ላይ ረመዳኑ ከፍልሰታ ጋር ገጥሞ ነበር። 2017 ላይ ሑዳዴ በየካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በ22። 2018 ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠጋጉ፤ ሑዳዴው የካቲት 9፣ ረመዳኑ የካቲት 11። ግቢው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። እኛ ከሰዓት በኋላ ነው የምንፈታው፣ እነሱ መግሪብ ላይ። ልጄ ናት "ለምን እኛም መግሪብን አንጠብቅም?" ያለችው። ጠበቅን። አዛኑ ሲሰማ እማማ በቴምር፣ እኛ በትንሽ ቆሎና በውሃ። እሳቸው ለኛ ብለው የምስር ሳምቡሳ ለይተው ይጠብሳሉ፣ በሥጋው ዘይት እንዳይነካካ መጀመሪያ የኛን ነው የሚያወጡት። እኛ ሽሮና ተልባ እንልካለን። ከዚያ ቡናው ይፈላል። ያን ሰሞን ከመግሪብ እስከ በረካ ድረስ ያለው ሰዓት ምን ያህል ሰፊ እንደነበር መናገር ይከብደኛል። ቴሌቪዥን አልተከፈተም፣ ማንም አልከለከለም፣ ዝም ብሎ ሳይከፈት ቀረ።

ግን ጨረቃ አትቆይም። 2019 ላይ ረመዳን ወደ የካቲት መባቻ ይመጣል፣ ከዚያ ጥር ውስጥ ይገባል፣ ከሑዳዴው ጋር ይለያያሉ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጭ ብዬ ወደፊት ቆጠርኩት። ጨረቃዋ አንድ ቀን ብትዘገይም ብትቀድምም 2021 ላይ ጥምቀት ረመዳን ውስጥ ይወድቃል። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ እኛም እንጾማለን፣ አንድ ቀን አብረን እንሆናለን ማለት ነው። በማግስቱ ግን እኛ ከታቦት መልስ ሥጋ ይዘን ስንገባ እማማ ገና እየጾሙ ነው። ይኼን ቡና ላይ ነገርኳቸው።

"አብሽሪ ልጄ" አሉ እማማ፣ "እስከዚያ ካቆየን ድስቱን እስከ መግሪብ ከድናችሁ ጠብቁኝ።"

እናቴ ጀበናውን እያወረደች ቀና አለች። "በጥምቀት ቀን? ሥጋ ከድኜ? እኔማ እበላለሁ፣ አንቺ ስትፈቺ ደግሜ እበላለሁ።"

አሁን ጉዳዩ ይኼ ሆኖ ቀርቷል። እማማ ቃል ግቢልኝ ይላሉ፣ እናቴ በጄ አላለችም። ገና ብዙ ጊዜ አለ፣ ሁለቱም ግን ከወዲሁ እየተደራደሩ ነው።